የጥድ አፋፍ ጭስ

ወርቂቱ ከመደብ ወርዳ ምድጃው አጠገብ ተንበረከከችና አመዱን በገል ጠረገች። ማታ የዳፈነችው የወይራ ጉማጅ ሆዱ እንደቀላ አድሯል። ደረቅ ኩበት በጣቶቿ ፈርፍራ ነሰነሰችበት፤ ጎንበስ ብላ ትንፋሿን እየቆጠበች እፍ አለች። ጭሱ በመጀመሪያ ጉልቻውን ዞረ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ሣር ክዳኑ ወጣ። ውጭ ውርጩ ሜዳውን አንጥቶታል። ዶሮ አልጮኸም፤ የመንደሩ ዶሮዎች ካለቁ ቆይተዋል።

«አደረ?» አሉ እማማ ሐረግ፣ ፊታቸውን ከለበሱት የሱፍ ባና ሳያወጡ።

«አድሯል፣ እማማ።»

«ተመስገን።»

እማማ ሐረግ የባሏ እናት ናቸው። ወርቂቱ አምባቸውን አግብታ ጥድ አፋፍ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ጠዋቱ የሚከፈተው በዚህች ጥያቄና በዚህች መልስ ነው። አዝመራ ባማረበት ዓመት እንዲሁ ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. መጋቢትም፣ የበልጉ ዝናብ ዳግመኛ በቀረበት ወቅት፣ እንዲሁ ነው።

እሳቱ በዕድሜ ከእማማ ሐረግም ይበልጣል። በሙሽርነታቸው ሰሞን አማታቸው እጃቸውን ይዘው ምድጃው ዘንድ አስቀምጠው ያስረከቧቸው ነው። ጣሊያን መሣሪያ ፍለጋ መንደሩን ሲያስስ ቤተሰቡ ገደል ሥር ዋሻ ገብቶ ከርሞ ነበር። ያን ጊዜ ሌላው ሰው እህልና ቁርበት ሲሸከም፣ እማማ ሐረግ በተሰበረ ጋን ውስጥ ፍም በአመድ ሸፍነው ተሸክመው ወረዱ፤ ተሸክመውም ተመለሱ። ክብሪት መካነ ሰላም ገበያ ላይ ይሸጣል። የጥድ አፋፍ ሰው ግን ክብሪት ቢገዛም ለመንገድ ነው የሚይዘው፤ ለቤቱ የሚሆነውን እሳት ከእማማ ሐረግ ምድጃ ይጭራል።

አሰጣጡ ደንብ አለው። ፍሙ በገል ይያዛል፤ ላዩ አመድ ይለብሳል፤ በሌላ ገል ይከደናል። ከገደሉ ንፋስ ከተነሳ ለአራስ ቤትም ቢሆን አይሰጥም። ደንቡን ያወጡት እማማ ሐረግ ናቸው። ገና በጉልበታቸው ሳሉ አንዲት አዲስ ሙሽራ ፍም በእፍኝ ገለባ ይዛ ስትሮጥ ብልጭታው የጎረቤት ክዳን ላይ አረፈ። ሰው በቅጠል እየመታ፣ አፈር እየበተነ፣ ከምንጩ በእንስራ እየተቀባበለ ታገለ፤ በሣር ላይ ግን እሳት ከሰው እግር ይፈጥናል። ግማሹ መንደር ተቃጠለ። ግማሹ የዳነው እማማ ሐረግ የገዛ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው ክዳኑን በማጭድ እየገሸለጡ ስለጣሉት ነው። እሳቱ መጥቶ ባዶ ግድግዳ አገኘና ቆመ። ያን ክረምት በተራቆተ ቤት ውስጥ ምድጃውን በቁርበት ከልለው፣ ዝናብ እየወረደባቸው፣ እሳቱን አከረሙት።

እህል ከጠፋ ወዲህ ግን ሰው እሳት የሚጭረው ለማብሰል አልነበረም። ጥድ አፋፍ ገደሉ ትከሻ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው። ከላይ በአፋፉ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ክዳኑን ቁልቁል ያያል፤ ከማዶ ደግሞ ሴት የሰጡትና የተቀበሉት የጋብቻ አገር አለ። ሲመሽ ያልጨሰ ቤት ስሙ በክፉ ይነሳል። ስለዚህ ሴቶቹ ማሰሮ ውሃ ጥደው፣ ከሥሩ እርጥብ ኩበት ጨምረው፣ ጭሱ እስኪበረክት ይጠብቃሉ። ልጆቹ ማሰሮው ሲንተከተክ እየሰሙ ይተኛሉ። አንዷ ከሌላዋ ተማክራ አይደለም። ሁሉም ግን ያደርጉታል።

«ቤቶች! እሳት ልጫር መጣሁ!»

የታችኛው ቤት ሩቂያ ናት። ጠርዙ የተሸረፈ ጥቁር ገሏን ይዛ ጎንበስ ብላ ገባች። ባለፈው ክረምት ቤቷ ሙሉ ነበር፤ አሁን ብቻዋን ናት። ማንም አይጠይቃትም፤ እሷም አታነሳም።

«እንደምን አደሩ እማማ ሐረግ? ዱዓዎ ደረሰ መሰለኝ፣ ዛሬም ነቃሁ።»

«አልሐምዱሊላህ በይ አንቺ» አሉ እማማ ሐረግ፣ የአንገታቸውን ማተብ እያስተካከሉ።

«አልሐምዱሊላህ። ግን ለመንቃቱ ምን አስቸኮለኝ?»

ወርቂቱ ፈገግ አለች። «ምን ልትጥጂ ነው?»

«ውሃ ነዋ። የትናንቱ አረረብኝ፤ ዛሬ ቆሜ ነው የማማስለው።»

«ሳማ እንኳ አላገኘሽም?»

«ሳማው እኔን ሲያይ መሸሽ ጀምሯል፣ እታለም። በፊት እኔ ነበርኩ የምሸሸው።»

እማማ ሐረግ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ወርቂቱ ፍሙን መርጣ ገሉ ላይ አኖረች፤ አመድ አለበሰችው። ከዚያ ዘወር ብላ፣ መደቡ ጥግ የተኛችውን ልጇን፣ የአልታዬን ያበጠ እግር በአውራ ጣቷ ጫን አለች። የተጫነው ቦታ ሰርጉዶ ቀረ። ትናንት ከዚህ ፈጥኖ ይሞላ ነበር። ሩቂያ አይታ ፊቷን መለሰች። እሷ ይህን ምልክት ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ሩቂያ ልትወጣ ስትል ደጁ ላይ ከጭቃ ሹሙ ጋር ተገጣጠመች። ገበየሁ ከድሮ ወታደር የገዛውን ካፖርት ለብሷል፤ ከሰውነቱ ይልቅ ካፖርቱ የሚራመድ ይመስላል።

«አያ ገበየሁ፣ ግብር ልትሰበስብ ከሆነ አመድ ሞልቶናል» አለችው።

«አፉ በዪኝ ሩቂያ፤ ዛሬ ለቀልድ አልመጣሁም። ግቢና ስሚ።»

ገብቶ ከምድጃው ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እንደ ወትሮው እጁን ወደ እሳቱ አልዘረጋም።

«የእርዳታ ስንዴ ከደሴ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ገብቷል» አለ።

እማማ ሐረግ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ለየትኛው መንደር እንደሚሰጥ የሚወስኑት ግራዝማች አባተ ናቸው። ምክትል ወረዳው ሁሉ በእጃቸው ነው። ትናንት እየዞሩ ሲያዩ አብሬ ነበርኩ። ቁልቁለቱን ለበቅሎ ፈሩትና አፋፉ ላይ ቆሙ። ዘበኛቸው የሩቅ ማያ መነጽራቸውን አቀበላቸው። ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። አዩ፣ አዩና፣ ‹ገበየሁ፣ ይህ መንደር ራቱን እየሠራ አይደለም ወይ?› አሉኝ።»

«አንተስ?» አለች ወርቂቱ።

«‹ጌታዬ፣ ውሃ ነው የጣዱት› አልኳቸው። ሳቁ። ‹ለውሃ ማን እሳት ያነዳል? የዓይኔን ልመን ያንተን ምላስ?› አሉ። ‹ጭስ ያለው ቤት መጠበቅ ይችላል› ብለው ወደ ከላላ አለፉ።»

ሩቂያ ገሏን መሬት ላይ አኖረች። «አንድ ጊዜ ተናግረህ ተውካቸው? በቅሎዋ እግር ሥር አትወድቅም ነበር?»

ገበየሁ የካፖርቱን ቁልፍ ይነካካ ጀመር።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። «ልወድቅ ብዬ ዝቅ ስል መንደሩን አየሁት። ንፋስ የለም። ጭሱ ከየቤቱ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ የእኔም ቤት አለበት። ዓይኔ ላይ አማረ። የደህናው ጊዜ መሰለኝ። አፌ ተያዘ።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ወርቂቱ ልትቆጣው ፈልጋ አልቻለችም። እሷም በየምሽቱ ደጅ ወጥታ የራሷን ቤት ጭስ አሻቅባ ታያለች።

«ነገ በዚሁ መንገድ ይመለሳሉ» አለ ገበየሁ። «ወደ ማታ ነው ያሉት። አንዲት ክር ጭስ እንዳትታይ። ሰውም ደጅ አይቁም፤ ቆሞ ካዩት ‹ይኸው ቆሟል› ነው የሚሉት። ሁሉም ቤቱ ይተኛ። እኔ ቀድሜ አፋፉ ላይ እጠብቃቸዋለሁ። ‹ጌታዬ፣ ይኸው ይመልከቱ፣ ምድጃው ሁሉ ቀዝቅዟል› እላቸዋለሁ።»

«መካነ ሰላም ድረስ ብንሄድስ?» አለች ወርቂቱ፤ መልሱን እያወቀች። የሄዱት አብዛኞቹ መንገድ ቀርተዋል። ለደረሱትም የእህሉ ጠባቂ ‹መንደራችሁ ሲጠራ ኑ› ይላቸዋል። አልታዬ ደግሞ ከደጅ እስከ ምንጩም አትራመድም።

«የሌላው ቤት እሳት ቀላል ነው» አለ ገበየሁ። «ካልጫሩ አይነድም። ቁም ነገሩ እዚህ ነው።»

ሁሉም ወደ ምድጃው አዩ።

«እሳቴን ልታጠፉ ነው የመጣችሁት?» አሉ እማማ ሐረግ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ጣሊያን ያላጠፋውን?»

«እማማ፣ መልሰን እናነደዋለን» አለ ገበየሁ።

«ከየት አምጥተህ? ሁሉም ከእኔ እየወሰደ እኔ ከማን ልጭር?» ወደ ወርቂቱ ዞሩ። «ልጄ አባይን ተሻግሮ ጎጃም ወርዷል፣ ለልጁ ጉርስ ሊያመጣ። ሲመለስ የቀዘቀዘ ምድጃ ይጠብቀው?»

ወርቂቱ ለአማቷ ቃል መልሳ አታውቅም። ልታናግራቸው ስትሻ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን ሰብራ ነበር። አሁን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ተመልሶ ልጁን ቢያጣትስ፣ እማማ?»

ኩበቱ ተሰነጠቀ። እማማ ሐረግ እጃቸውን ባናው ውስጥ ከተቱ።

«ዳፍኚው» አሉ። «ጠለቅ አድርገሽ ቆፍረሽ ዳፍኚው። በደንብ የተዳፈነ አይጨስም።»

በማግስቱ ወርቂቱ ከጉልቻው መሐል ቆፈረች፤ ጉማጁን አስተኛችው፤ አመድ፣ በአመዱ ላይ እርጥብ አፈር ደለደለች። ሠርታ ስትጨርስ እጇን ላዩ ላይ አኖረች። ሙቀቱ ከሩቅ እንደሚሰማ ነገር ነበር። ገበየሁ በትሩን ይዞ ዳገቱን ጀመረ፤ ጥቂት ይወጣል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል። እግሩ አብጦ ስለነበር ጫማውን ትቶት ነው የሄደው።

ረፋዱ ላይ ደጅ ወጣችና ክዳኑን አየች። ከአናቱ፣ ጥቀርሻው ከወፈረበት፣ ስስ ጭስ ይንጠለጠላል። ንፋስ ቢኖር ኖሮ አይታይም። ንፋስ ግን አልነበረም።

ተመልሳ ገባች። አፈር ጨመረች፤ ወጥታ አየች። አሁንም አለ። እንስራውን አነሳች። እማማ ሐረግ ምን ልታደርግ እንደሆነ አውቀው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ወርቂቱ አፈሩን በገል ገለጠች። ጉማጁ ቀይ ሆኖ ታያት፤ በዚያ ቅላት ላይ ውሃውን አፈሰሰችው።

ጩኸቱ ቤቱን ሞላው። አልታዬ ብንን ብላ፣ «እማዬ፣ እሳቱ አለቀሰ» አለች።

«ተኚ። ስንዴ ሊመጣ ነው።»

በሩን ዘግታ ከልጇ ጎን ተጋደመች። በየቤቱም ሰው እንዲሁ ተጋድሞ ነበር። ከሕፃን ሳል በቀር ድምፅ የለም። አንድ ጊዜ ከአፋፉ በኩል የበቅሎ ማንኮራፋት የሰማች መሰላት፤ ቀኑ ገና እኩል አልሆነምና እንደ ቅዠት ቆጠረችው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ገበየሁ ብቻውን ወረደ። ሰዎች ድምፁን ሰምተው ከየቤታቸው ወጡ፤ ሁሉም የወርቂቱ ደጅ ተሰበሰቡ።

«አለፉ» አለ።

«እንዴት አለፉ? ወደ ማታ አላልክም?»

«መልእክተኛ መንገድ ላይ አገኛቸው። አዲስ አበባ ሚኒስትሮቹ ወርደዋል፤ ወታደሩ አምጿል። ሹም ሁሉ በየወንበሩ ይገኝ ተብሎ ታዟል። በቅሎዋን እየጋለቡ በረፋድ አለፉ። እኔ ዳገቱን ስጨርስ፣ የኮርቻ ጠፍር ተበጥሶበት ወደኋላ የቀረ ዘበኛ ብቻ አገኘሁ።» ገበየሁ በትሩን ተደገፈ። «ማን ነህ አለኝ። የጥድ አፋፍ ጭቃ ሹም ነኝ አልኩት። ‹ጥድ አፋፍማ አልቋል› አለኝ።»

«ምን?»

«ግራዝማች በመነጽር አይተዋል። ጭስ የለም፣ ሰው የለም፣ ውሻ የለም። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ‹ነፍሳቸውን ይማር፤ ከትናንት ወዲያ ደህና ነበሩ፣ በሁለት ሌሊት ለቀው ሄደዋል ወይም አልቀዋል› ብለው አማተቡ። የእኛ ድርሻ ለሌላ መንደር እንዲሰጥ አዘዙ። ‹እኔ አለሁ እኮ!› ብዬ የዘበኛውን ክንድ ያዝኩት። ‹አንተማ ተርፈሃል፤ አምላክህን አመስግን› አለኝ።»

ሩቂያ ሳቀች። ሳቋ የዱሮው ሳቋ ነበር፣ ሰርግ ቤት የሚሰማው።

«እንግዲህ ሞተናል ማለት ነው! ያረቢ፣ ይህን ሁሉ ሬሳ ማን ሊቀብረው ነው?»

ሌሎቹም ሳቁ። ሲስቁ ብርዱ ገባና አንዱ፣ «በሉ እሳት ስጡን» አለ። በልማድ ነው ያለው። ወርቂቱ ደጃፏን ከልላ ቆማ ነበር፤ ዞር አላለችላቸውም።

በሚቀጥለው ማለዳ ወርቂቱ ከመደብ ወረደች። ጉልቻው መሐል የረጠበ አመድ ብቻ አለ፤ ክብሪትም ከመንደሩ ካለቀ ቆይቷል።

«አደረ?» አሉ እማማ ሐረግ። ድምፃቸው ከባናው ሥር ደክሞ ወጣ።

ወርቂቱ ገሉን አንስታ አመዱን ጠረግ ጠረግ አደረገች፣ ድምፁ እንዲሰማ።

«አድሯል፣ እማማ።»

«ተመስገን።»

የተቻላትን ሁሉ አለበሰቻቸው፤ አልታዬንም ከጎናቸው አስተኛቻት፣ እንዲሞቃቀፉ። በዚያ ከፍታ መጋቢት ላይ ውርጭ ግድግዳ አያቆመውም። በማግስቱ ማለዳ ወርቂቱ አመዱን ጠርጋ ጥያቄውን ጠበቀች። ደግማ ጠረገች። ከመደቡ ላይ ድምፅ አልመጣም።

እማማ ሐረግን የቀበሯቸው አቅም ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ጉድጓዱም ጥልቅ አልነበረም። ሩቂያ አፈር አልብሳ ስትጨርስ እጇን አራግፋ ወደ ገበየሁ ዞረች።

«እኔና አንተ መካነ ሰላም እንሂድ። ሬሳ ቆሞ ሲናገር ካዩ ይደነግጡና ይሰጡን ይሆናል።»

«ትችያለሽ?»

«ከአንተ ካፖርት የባሰ አልከብድም።»

ስትወጣ በወርቂቱ ደጅ አለፈች። ጥቁር ገሏን ከበሩ ሥር፣ ድንጋዩ ላይ አኖረችው።

«አትንኪብኝ። ስመለስ ቀጥታ እዚህ ነው የምመጣው፤ እሳት ታዘጋጂልኛለሽ።»

«ከየት አምጥቼ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። የእሳት ቤት ምራት አይደለሽ?» አልታዬን ጉንጯን ነካ አድርጋ ሄደች።

ገበየሁ የተመለሰው ብቻውን ነው። የተዋሳትን አህያ እየነዳ፣ ከኋላዋ በትር ተደግፎ መጣ። ስንዴው ለእያንዳንዱ ቤት ሲደርስ ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን ስንዴ ነበር። ግራዝማች ወደ ደሴ ተጠርተው ሄደዋል፤ ማን እንደሚያዝ የሚያውቅ የለም። ገበየሁ ጎተራው በር ላይ ቆሞ የጥድ አፋፍን ነዋሪዎች በየስማቸው ሲጣራ ዋለ። በመጨረሻ ጠባቂው ጩኸቱ ሰልችቶት ከፈተለት።

«ሩቂያስ?» አለች ወርቂቱ።

«ከተማዋ ከሩቅ እየታየች ተቀመጠች። ‹አንተ ቅደም፣ እግሬን ላሳርፍና እደርስብሃለሁ› አለችኝ። ስመለስ እዚያው ነበረች። ድንጋይ ከመርኩባት መጣሁ።» ካፖርቱን አልለበሰም። ወርቂቱ የት እንደተወው አልጠየቀችውም።

ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ ለየቤቱ አስር ያህል እንጨት፣ ከቀፎውም የሚጫርበትን ቁራጭ አከፋፈለ። ወርቂቱ የደረሳትን ይዛ ገባች። ደረቅ ሣርና ኩበት ከጉልቻው መሐል ከመረች። አንዱን እንጨት ጫረችው፤ ወዲያው ያዘ። እንዲህ ቀላል እንደሆነ አታውቅም ነበር። ነበልባሉ አልታዬን ፊቷን አበራውና ልጅቱ እጆቿን ዘረጋች። ስንዴው እስኪፈላ አጠገቡ ተቀምጣ ማሰሮውን ስታዳምጥ ቆየች። ወርቂቱም ንፍሮውን በጥርሷ እያደቀቀች፣ ጥቂት ጥቂት እያደረገች አጎረሰቻት።

በዚያ ምሽት ከጥድ አፋፍ ቤቶች ከፊሎቹ ጨሱ። በአፋፉ መንገድ የሚያይ ሰው አልነበረም።

የአልታዬ የእግር እብጠት ጎደለላት። ክረምቱ ገባ፤ መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ ተባለ፤ አምባቸው ከጎጃም አልመጣም። ወርቂቱ ማታ ማታ ጉማጁን ትዳፍናለች፤ ጠዋት ቢጠፋባት ክብሪት ትጭራለች። የሩቂያ ገል ከበሩ ሥር ድንጋዩ ላይ ነው። በጥድ አፋፍ እሳት ሊጭር የሚመጣ ሰው የለም።